ማግኔት ስትንጡት መብራት ይሰጣል፦ በቤት የሚሠራ ትንሽ ጄኔሬተር ከነምክንያቱ

የእህቴ ልጅ 12 ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ስልኩን ይዞ መጣና ቪዲዮ አሳየኝ። ሰውዬው ክብ ማግኔት ጠረጴዛ ላይ ያስቀምጣል። ዙሪያውን ሽቦ ይጠመጥማል። የሽቦውን ጫፎች አምፖል ላይ ያስራል። አምፖሉ ቦግ! ባትሪ የለ፣ ሶኬት የለ፣ የሚነካው ሰው የለ። «ጋሼ፣ ይሄ ነገር የምር ነው?» አለኝ።

ግማሹ የምር ነው። ማግኔትና ሽቦ ኤሌክትሪክ ይሰጣሉ። ከግድብ ተነስቶ ቤታችን የሚገባው መብራትም የሚመነጨው በዚሁ መንገድ ነው። ውሸቱ ማግኔቱ ዝም ብሎ መቀመጡ ላይ ነው። ዝም ያለ ማግኔት እስከ ምጽአት ብትጠብቁት አንዲት ፍንጣቂ መብራት አያበራም።

ይህን በአፍ ብነግረው እንደማያምነኝ ገባኝ። ቅዳሜ ቁጭ ብለን ራሳችን ሠራነው። እናንተም እንድትሠሩት ከነስህተታችን እጽፈዋለሁ።

ለጥቂት ያመለጠው ሰውዬ

ሥራው ከመጀመሩ በፊት አንድ ታሪክ ልንገራችሁ፤ በኋላ ቴስተር (የኤሌክትሪክ መለኪያ) ስትይዙ ይጠቅማችኋል።

እ.ኤ.አ. በ1820 ዴንማርካዊው ሃንስ ክርስቲያን ኦርስቴድ ኤሌክትሪክ የሚያልፍበት ሽቦ አጠገቡ ያለውን የኮምፓስ መርፌ ሲያዞር አየ። ኤሌክትሪክ ማግኔት የሚሆን ከሆነ ማግኔትስ ኤሌክትሪክ ለምን አይሰጥም? ብዙ ሰው ይህን ማሳደድ ጀመረ። ከነሱ አንዱ የጄኔቫው ዣን-ዳንኤል ኮላዶን ነው። በ1825 ሽቦ ጠቅልሎ ማግኔት አስገባበት። ጠንቃቃ ሰው ስለነበር ማግኔቱ መለኪያውን እንዳይረብሽበት ብሎ መለኪያውን ሌላ ክፍል አስቀመጠው። ማግኔቱን ያስገባል፤ ሄዶ መርፌውን ያያል፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም። ምስኪን! መርፌው እኮ ዘሎ ነበር። እሱ መንገድ ላይ እያለ ዘሎ ተመልሷል።

ከስድስት ዓመት በኋላ ማይክል ፋራዴይ ለንደን ውስጥ መርፌውን ዓይኑ ሥር አድርጎ ሞከረ። ፋራዴይ በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ ይማር የነበረ፣ ሒሳብ ብዙም ያልተማረ ሰው ነው። ኦገስት 29 ቀን 1831 በአንድ የብረት ቀለበት ላይ ሁለት ሽቦ ለየብቻ ጠመጠመ። አንዱን ባትሪ ላይ ሲያገናኘው የሌላኛው ሽቦ መርፌ ዘለለ፤ ተመልሶ ቆመ። ባትሪውን ሲነቅለው በተቃራኒው ዘለለ። በመሀል፣ ባትሪው እንደተገናኘ፣ ምንም የለም። ኦክቶበር 17 ቀን ደግሞ ባትሪውን ትቶ ማግኔት በጥቅል ሽቦ ውስጥ አስገባና አወጣ። መርፌው ሲገባ ወደ አንድ ጎን፣ ሲወጣ ወደ ሌላው ጎን ሄደ። በዚያው ዘመን አሜሪካዊው ጆሴፍ ሄንሪም በራሱ መንገድ እዚሁ ደርሶ ነበር።

ቁም ነገሩ መለዋወጡ ነው። በሽቦው ዙር ውስጥ የሚያልፈው የማግኔት መስክ ሲጨምር ወይም ሲቀንስ ሽቦው ውስጥ ያሉት ኤሌክትሮኖች ይገፋሉ። መስኩ ባለበት ሲቆም ግፊቱም ይቆማል።

ምን ምን ያስፈልጋል?

ዋናው ማግኔት ነው። ጥቁሩ የስፒከር ማግኔት ለዚህ ሥራ ደካማ ነው፣ ቅርጹም አይመችም። ብርማ ቀለም ያለውን ኒዮዲሚየም የሚባለውን ፈልጉ። እኛ 12 ሚሊሜትር ስፋትና 5 ሚሊሜትር ውፍረት ያላቸው አራት ክብ ማግኔቶች ተጠቀምን። ሲደራረቡ 20 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ዱላ ይሆናሉ።

ሽቦው ሞተር የሚጠቀለልበት ቀጭን የመዳብ ሽቦ ነው፤ ውፍረቱ 0.2 ሚሊሜትር። የተቃጠለ ሞተርና ፓምፕ የሚጠግኑ ሰዎች ዘንድ አይጠፋም። 80 ሜትር አካባቢ ይበቃችኋል። ብዙ ይመስላል እንጂ ሲመዘን 25 ግራም አይሞላም። ላዩ ላይ የማይታይ ቫርኒሽ አለው፤ የሽቦው ዙሮች እርስ በርስ እንዳይነካኩ የሚጠብቃቸው እሱ ነው። ይህን ቫርኒሽ አትርሱት። እኛ ረስተነው ምሽቱን አጥፍተናል።

ከዚያ ከፋርማሲ የተገዛ አዲስ 10 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ ያለ መርፌው፣ አንድ ቀይና አንድ አረንጓዴ ኤልኢዲ (ሁለት እግር ያላት ሚጢጢ መብራት)፣ ወፍራም ካርቶን፣ ናስትሮ፣ የብርጭቆ ወረቀት ወይም ምላጭ፣ ቁራጭ ስፖንጅ። ቴስተር ካላችሁ ደግሞ እሰየው።

ሁለት ማስጠንቀቂያ አለኝ፤ ቀልድ የለበትም። ማግኔት ፍለጋ ብላችሁ ማይክሮዌቭ እንዳትከፍቱ። ከሶኬት ተነቅሎም ውስጡ ያለው ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅመው ዕቃ) ሰው የሚገድል ቻርጅ ሊይዝ ይችላል። ሁለተኛ፣ ኒዮዲሚየም ማግኔት ትንሽ ልጅ እጅ አይግባ። ሁለት የዋጠ ሕፃን ማግኔቶቹ ሆዱ ውስጥ ሲሳሳቡ አንጀቱን መሀል ላይ ይዘው ይበሱታል። ልቡ ላይ የምት ማስተካከያ የተገጠመለት ሰውም ይራቀው።

ደረጃ 1፦ ቱቦው

የሲሪንጁን መግፊያ አውጥታችሁ ጣሉት። መርፌ የሚሰካበትን ሹል አፍ ቁረጡት፤ ውስጡ ስፖንጅ ወትፉ። ማግኔቱን ከተታችሁ ዘቅዝቁት። ሳይያዝ ሸርተት ብሎ መውረድ አለበት። ካጣበቀው ቱቦው ጠቧል ማለት ነው።

ከካርቶን መሀላቸው የተበሳ ሁለት ክቦች ቁረጡና ቱቦው ላይ አስገቡ። መሀል ላይ፣ በሁለቱ መካከል 20 ሚሊሜትር ትታችሁ አጣብቋቸው። የክር ማጠንጠኛ መሰለ አይደል? ሽቦው እዚህ መሀል ብቻ ነው የሚጠመጠመው።

ለምን ቱቦውን ሙሉ አናለብሰውም? ልጁም ይህን ጠይቆኛል። ማግኔቱ በረጅም ጥቅል ውስጥ ሲሄድ ከፊቱ ላሉት ዙሮች እየቀረበ፣ ከኋላው ካሉት እየራቀ ነው። ፊት ያሉት ወደ አንድ አቅጣጫ ሲገፉ ኋላ ያሉት ወደ ተቃራኒው ይገፋሉ፤ ይጠፋፋሉ። ጥቅሉ ከማግኔቱ ርዝመት ብዙ ካልበለጠ ግን ዙሮቹ በአንድነት ይገፋሉ። ደግሞም ማግኔቱ በሁለቱም በኩል ከጥቅሉ ሙሉ በሙሉ የሚወጣበት ቦታ ይፈልጋል።

ደረጃ 2፦ መጠምጠም

ትዕግሥት የሚጠይቀው እዚህ ነው። 1200 ዙር ነው የምትጠመጥሙት።

ከመጀመራችሁ በፊት 15 ሴንቲሜትር ያህል ጫፍ አስቀሩና በናስትሮ ያዙት። ከዚያ ቱቦውን እያዞራችሁ ሽቦውን ጎን ለጎን አሰልፉ። ፍጹም መሆን የለበትም፤ የእኛ መጨረሻ ላይ የወፍ ጎጆ መስሎ ነበር፣ ሠርቷል። በየመቶው ወረቀት ላይ አንድ ሰረዝ አስምሩ። ሰረዙን ያመጣሁት ልጁ 340 ላይ ሲደርስ እናቱ ለምሳ ጠርታው ቁጥሩ ከጠፋበት በኋላ ነው። ድሪል ያለው ሰው ቱቦውን አስሮበት ቀስ እያለ ቢያዞር ግማሽ ሰዓት አይፈጅበትም።

አንድ ሕግ አለ፦ አቅጣጫ አትቀይሩ። ወደ ቀኝ ከጀመራችሁ እስከ መጨረሻው ወደ ቀኝ። እያንዳንዷን ዙር እንደ ሚጢጢ ባትሪ አስቧት። 1200 ባትሪ በተከታታይ ስትደረድሩ ቮልቴጁ ይደመራል። ግማሹን ገልብጣችሁ ብትደረድሩትስ? ዜሮ። አቅጣጫ መቀየር ማለት ባትሪ መገልበጥ ነው። ሽቦው መሀል ላይ ቢበጠስባችሁ ግን አትደንግጡ፤ ጫፎቹን ፋቁ፣ አጣምራችሁ ጠምዝዙ፣ በናስትሮ ሸፍኑ፣ በያዛችሁት አቅጣጫ ቀጥሉ።

1200 የሚለው ቁጥር ከየት መጣ? ትንሽ ሒሳብ ነው። የማግኔቱ ፊት ከአንድ ካሬ ሴንቲሜትር በጥቂቱ ይበልጣል። የመስኩን ጥንካሬ ወደ 0.45 ቴስላ ብንወስድ በአንዷ ዙር ውስጥ የሚያልፈው መስክ 0.00005 ዌበር አካባቢ ይሆናል። ማግኔቱ በሴኮንድ 1 ሜትር ፍጥነት 20 ሚሊሜትሯን ለማለፍ 0.02 ሴኮንድ ይፈጅበታል። የመስኩን ለውጥ ለጊዜው ስታካፍሉት 0.0025 ቮልት ይወጣል። ከአንድ ዙር የሚገኘው ይህችው ናት፤ 2.5 ሚሊቮልት። ቀይ ኤልኢዲ ለመብራት 1.8 ቮልት ገደማ ይፈልጋል። በ1200 ዙር 3 ቮልት እናገኛለን። የእናንተ ማግኔት ደከም ቢል ወይም እጃችሁ ቢዘገይ እንኳ መጠባበቂያ አለ ማለት ነው። ሒሳቡ ግምት ነው፤ ግን የት አካባቢ እንዳላችሁ ይነግራችኋል።

ደረጃ 3፦ ጫፎቹን መፋቅ

አጭር ሥራ ነው፤ ሁሉም ሰው የሚወድቅበትም ይኸው ነው።

እኛ ኤልኢዲውን አገናኝተን ናጥን። ጨለማ። አጠንክረን ናጥን። ጨለማ። ልጁ «ጋሼ፣ ቪዲዮው ላይ ይሻላል» አለ። ቴስተሩን ኦም ላይ (ሽቦው ኤሌክትሪኩን ምን ያህል እንደሚያግድ የሚለካበት ላይ) አድርጌ ሁለቱን ጫፍ ስነካ ስክሪኑ ግራ ጥግ ላይ «1» ብሎ ቀረ። ርካሹ ቴስተር እንዲህ ሲል መንገዱ ተቆርጧል ማለቱ ነው። አንዱን ጫፍ በደንብ ፍቄዋለሁ፤ ሌላው ላይ ምላጩን አሳልፌ ብቻ «ተፋቀ» ብያለሁ። ቫርኒሹ ራሱ የመዳብ ቀለም ስላለው ዓይን ያታልላል።

እናንተ ሁለቱንም ጫፍ ወደ 2 ሴንቲሜትር ያህል በብርጭቆ ወረቀት ዙሪያውን ፋቁ፤ ቡናማነቱ ለቆ ሮዝ ቢጤ ብሩህ መዳብ እስኪወጣ። ከዚያ ለኩ። 0.2 ሚሊሜትር ሽቦ በ1 ሜትር ግማሽ ኦም ገደማ አለው። ስለዚህ 75 ሜትር ከጠመጠማችሁ 40 ኦም አካባቢ ማንበብ አለባችሁ። እጅግ ካነሰ ቫርኒሹ የሆነ ቦታ ተልጦ ዙሮች ተነካክተዋል።

ደረጃ 4፦ ሁለቱን መብራቶች ማገናኘት

ኤልኢዲ ኤሌክትሪክ የሚያሳልፈው በአንድ አቅጣጫ ብቻ ነው፤ ከረጅሙ እግር ወደ አጭሩ። ይህ ለእኛ ሲሳይ ነው። የቀዩን ረጅም እግር ከአረንጓዴው አጭር እግር ጋር ጠምዝዙ። የቀዩን አጭር ደግሞ ከአረንጓዴው ረጅም ጋር። አንዱን ጥንድ ከአንዱ የሽቦ ጫፍ፣ ሌላውን ከሌላው ጋር አስሩ። አሁን ኤሌክትሪኩ ወደ አንድ ጎን ሲሄድ ቀዩ፣ ወደ ሌላው ሲሄድ አረንጓዴው ይበራል። ኤሌክትሪኩን የሚገድብ ሬዚስተር አያስፈልግም፤ የጥቅሉ 40 ኦምና የጉልበታችን ማነስ መብራቶቹን ይጠብቋቸዋል።

ማግኔቱን ክተቱ፣ የቱቦውን ክፍት ጫፍም በስፖንጅና በናስትሮ ዝጉ። ስፖንጁ ለጌጥ አይደለም። ኒዮዲሚየም እንደ ሸክላ ተሰባሪ ነው።

ክፍሉን አጨልሙና ቅል እንደሚንጥ ሰው ናጡት።

ቀዩ መጀመሪያ ይመጣል። አረንጓዴው ካመነታ ጠንከር አድርጋችሁ ናጡ፤ አዳዲሶቹ አረንጓዴ ኤልኢዲዎች ከቀይ የበለጠ ቮልቴጅ ይፈልጋሉ። ከዚያ እየቀነሳችሁ ሞክሩ። ማግኔቱን በጣም በዝግታ አንሸራቱት፤ ምንም። እዚሁ ጥቅሉ መሀል ላይ አቁሙት፤ አሁንም ምንም። ማግኔቱ ያው፣ ሽቦው ያው፣ ለውጡ ብቻ ነው የጎደለው።

በቴስተር ለመለካት የምትሞክሩ ደግሞ ኮላዶንን አስታውሱ። ዲጂታል ቴስተር ቁጥሩን የሚያድሰው በሴኮንድ ሁለት ሦስት ጊዜ ነው። የእናንተ ምት በ0.02 ሴኮንድ ያልፋል። ቴስተሩ ሌላ ክፍል ውስጥ እንዳለ ሰውዬ ነው፤ ሲደርስ ሁሉም አልቋል። የድሮው ባለ መርፌ ቴስተር ለዚህ ይሻላል። ማግኔቱን ቀስ ስታስገቡ መርፌው ወደ ቀኝ ካለ፣ ስታወጡት ወደ ግራ ይላል።

የትኛው መብራት ይቀድማል?

እዚህ ላይ ከልጁ ጋር በማንጎ ጁስ ተወራረድን።

ማግኔቱ አንድ ጊዜ ሲያልፍ ቀይ ከዚያም አረንጓዴ ይበራል እንበል። ሲገባ መስኩ ይጨምራል፣ ሲወጣ ይቀንሳል፤ ስለዚህ ሁለት ተቃራኒ ግፊት። እስከዚህ ተስማማን። አሁን ያው ማግኔት ከሌላኛው ጫፍ ሲመለስስ? «አቅጣጫው ስለተቀየረ አረንጓዴው ይቀድማል» አለ። ብዙ ትልልቅ ሰዎችም እንዲሁ ይሉ ይመስለኛል።

በዓይን አይለይም፤ በጣም ፈጣን ነው። ስልኩን ስሎው ሞሽን ላይ አድርገን ቀረጽነው። ሲመለስም ቀዩ ቀደመ። ማግኔቱ ቱቦው ውስጥ አልተገለበጠም እኮ። ሰሜን ዋልታው ወደ ላይ እንዳለ ነው የሄደው፣ እንዳለ ነው የተመለሰው። ከላይም ይምጣ ከታች፣ ሲገባ ያው መስክ ይጨምራል፣ ሲወጣ ያው ይቀንሳል። ሽቦው ስለ ጉዞው አቅጣጫ ግድ የለውም፤ በውስጡ ያለው መስክ ጨመረ ወይስ ቀነሰ ነው ጥያቄው። ማግኔቱን አውጥተን ገልብጠን ስንከተው አረንጓዴው ቀደመ። ጁሱን ግን እኔው ገዛሁ።

ይህ ወዲያ ወዲህ የሚል ኤሌክትሪክ ነው ሶኬታችሁ ውስጥ ያለው። የእኛ አገር መብራት በሴኮንድ 50 ጊዜ ይመላለሳል። ትልልቅ ጄኔሬተሮች ማግኔቱን አይንጡትም፤ ሽቦውን ዙሪያ ላይ አቁመው መሀል ላይ ያሽከረክሩታል። ያም ማግኔት ራሱ በኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው። አንድ ሰሜንና አንድ ደቡብ ብቻ ያለው ማግኔት 50ን ለመድረስ በደቂቃ 3000 ጊዜ መዞር አለበት። ውሃ የሚያዞረው ከባድ ማሽን ይህን ያህል አይፈጥንም፤ ስለዚህ ዋልታ ይጨመርለታል። 48 ዋልታ ያለው በደቂቃ 125 ዙር ይበቃዋል። ህዳሴ ግድብ ላይ 13 ተርባይኖች አሉ፤ ሥራቸው ሲጠቀለል ይኸው የእኛ ሲሪንጅ ነው። ሰፈራችሁ ምሰሶ ላይ የተሰቀለው ትራንስፎርመር ደግሞ የፋራዴይ ቀለበት የልጅ ልጅ ነው። በአንዱ ጥቅል የሚለዋወጥ ኤሌክትሪክ ገብቶ በሌላው ይወጣል፤ መሀላቸው ሽቦ ሳያገናኛቸው።

ነጻ ነገር የለም፦ የመዳብ ቱቦ ሙከራ

ፍሪጅና ኤሲ ከሚጠግን ሰው ግማሽ ሜትር የመዳብ ቱቦ ተዋሱ፤ የውስጥ ስፋቱ 14 ሚሊሜትር አካባቢ የሆነ። ማግኔት መዳብን አይስብም፤ መጀመሪያ አስነክታችሁ አረጋግጡ። ከዚያ ቱቦውን አቁሙና ከላይ አንድ ተራ የብረት ብሎን ጣሉ። ግማሽ ሜትር ለመውደቅ ከሴኮንድ አንድ ሦስተኛ አይሞላበትም። ቀጥሎ ማግኔቱን ጣሉ። ከላይ ሆናችሁ ብታዩት እየተንሳፈፈ ነው የሚወርደው፤ ማር ውስጥ የገባ ይመስላል።

ቱቦው እንደ አንድ ወፍራም ዙር ነው። ማግኔቱ ሲወርድበት ኤሌክትሪክ ይፈጠራል፤ ያ ኤሌክትሪክ በተራው ማግኔት ይሆንና የሚወርደውን ይገፋል። ሁልጊዜ ለውጡን እንደተቃወመ ነው። ይህን ሕግ ያስቀመጠው በሩሲያ ይሠራ የነበረው ሄንሪክ ሌንዝ ነው፤ በ1834። ለምን ተቃራኒ ሆነ? ቢደግፈው ኖሮ ማግኔቱ እየፈጠነ፣ ኤሌክትሪኩ እየጨመረ፣ ያለ ምንም ወጪ ማለቂያ የሌለው ጉልበት ይመጣ ነበር። ሲሪንጁን ስትንጡ ክንዳችሁ የሚከፍለው ይህንን ተቃውሞ ነው። በእኛ ትንሽ መብራት ላይ አይሰማችሁም። ዲናሞ ጎማው ላይ የሚያርፍበት ብስክሌት የነዳ ሰው ግን ያውቀዋል፤ መብራቱ ሲበራ ፔዳሉ ይከብዳል።

ልጁ ቱቦውን አሥር ጊዜ ያህል ደጋገመው። ከዚያ ስልኩን አነሳና ያንን ቪዲዮ እንደገና ከፈተ። ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ማግኔት ትንሽ አየው። ጠረጴዛው ሥር ባትሪ እንዳለ እርግጠኛ ነበር። ከሥሩ አንድ ቃል ጻፈለት፦ «ነቅንቀው!»